ሥዕሉም ይጹም

ሰሞኑን አምቦ ስሄድ ምግብ ቤቱ ሁሉ በሩ ላይ የጥብስ ፎቶ ሰቅሎ አየሁ። ሽንኩርቱ ይቀላል፣ ቃሪያው ያብረቀርቃል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ግን የለም። ሳቄ መጣ። እኔ የሳልኩት ሥጋ እኮ ስንቱን ሰው አተራምሶ ነበር!

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እዚያው አምቦ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ከፍተው ግድግዳውን ለእኔ ሰጡኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ቀይ ሥጋ ከነጮማው፣ ቢላዋ፣ አዋዜ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ሳልኩ። በጋ ስለነበር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ እየተለጠፈ አሳሬን አሳየኝ። እኛ ቤት ጴንጤ ነን፤ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ማን ያስታውሳል? ሥዕሉ ባለቀ ማግስት ጾም ገባ።

ደንበኞቹ ሽሮ አዘው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ከጊንጪ እህል እያመጡ የሚሸጡት ቀልደኛው ኦቦ ቶለሳማ ገና በሩ ላይ ቆመው ጮኹ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? አስካለ፣ በዓይናችን ልታስገድፊን ነው እንዴ?»

እትዬ አስካለ ደነገጡ። «ልጄ፣ ኖራ አምጪና አጥፊው። ገበያዬን ልትዘጊብኝ ነው» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ሥዕሉ ከጠፋ፣ ሥዕል እንጀራ አይሆንም የሚለው አባቴ «አላልኩሽም?» ብሎ ታይፕ ሊያስተምረኝ ቆርጧል። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው፤ አንጀታቸው አልቻለም።

«በይ እንግዲህ ሥዕሉም ይጹም!» ብለው አንሶላ ጋረዱበት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንሶላው አዙሮ ይቀመጥ ጀመር። ሽሮውን እየጠቀለለ አንዱ ጎድን ነው ይላል፣ ሌላው ሻኛ ነው ብሎ ይከራከራል። ነፋስ አንሶላውን ገለጥ ሲያደርገው ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። እኔም ኮራሁ።

የፋሲካ ማግስት አንሶላው ተነሳ። ኦቦ ቶለሳ ጥብሳቸውን እያኘኩ ቀና አሉና «ይኸው ነው? እኔ እኮ ሙሉ በሬ ያለ መስሎኝ!» አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዞሮ ያየው የለም።

በጣም ከፋኝ። ሰንብቼ ኖራውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። እትዬ አስካለ «አሁንማ ተይው፣ ፍስክ ነው» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። አጠፋሁትና በቦታው ክዳኑ ያልተነሳ ሞሰብ ሳልኩ። ሌላ ምንም የለበትም።

ኦቦ ቶለሳ ሲመጡ ሞሰቡ ፊት ብዙ ቆሙ።

«ውስጡ ምንድነው?»

«እርስዎ ምን አማረዎት?» አልኳቸው።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «እናቴ ትሠራልኝ የነበረው የገብስ ጩኮ፣ በቅቤ የታሸው» አሉ።

ታይፕ ሳልማር ቀረሁ። ዛሬም ምግብ ሳዪልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ምን ልሳል ብዬ አልጠይቀውም። ማን ይሠራልህ ነበር ነው የምለው።