በ"ኖር" የፈረሰው ድልድይ

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ ድልድይ ፈረሰ። ቁስለኛው እኔ ብቻ ነኝ።

ለኮሌጅ ተማሪዎቼ ካንቲሊቨር ድልድይን እያሳየሁ ነበር። ስኮትላንዳውያን የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የባቡር ድልድያቸውን ሲሠሩ ለሕዝብ ያስረዱት እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን በእንጨት ደግፈው ይዘረጋሉ፤ በውጪ በኩል ባለው እጃቸው ድንጋይ ይታሰርላቸዋል፤ በመሃል በኩል ባሉት እጆቻቸው ላይ ሦስተኛ ሰው ይንጠለጠላል።

ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ሁለት ተማሪዎቼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተሸከሙኝ።

"ሁለቱ እስከተቀመጡ ድረስ አልወድቅም" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

በሩ ተከፈተና የግቢው ጥበቃ፣ አዛውንቱ ጋሽ ላምቤቦ፣ ቾክ ይዘውልኝ ገቡ። ሁለቱ ተማሪዎቼ "ኖር" ብለው ብድግ አሉ።

ጋሽ ላምቤቦ መሬት ላይ ተዘርሬ አዩኝ። "በእግዜር ልጆቼ" አሉ። "አንተስ መምህር፣ አትነሳም እንዴ?"

እስቲ እናንተንም የሰው ጨዋነት ጥሏችሁ ካወቀ ጻፉልኝ። ወገቤን እያሸሁ አነባለሁ።