ከወይራው ሥር የፈለቀው ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ኦቦ ቶሎሳ የሰጡኝ መሣሪያ አንድ የብረት ዘንግ ብቻ ነበር። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው። አንዱ ጫፉ ሹል ሲሆን ሌላው ላይ ጆሮ የሚያርፍበት ክብ እንጨት ተገጥሞለታል። ቦታው ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ወረድ ብሎ ነው፤ ገና መንጋቱ ነበር። እኔ አካፋዬን ይዤ ለመቆፈር ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። «ቁፋሮው ይደርሳል» አሉኝ። «መጀመሪያ ስማ።»

ዘንጉን መሬት ላይ ተክዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሜ ተከልኩ። አሁንም ምንም። ሦስተኛው ላይ ነቅዬ ልሄድ ስል ክንዴን ጨበጡኝ። «ኦብሲ!» አሉኝ፤ ታገስ ማለታቸው ነው። «ትንፋሽህን ያዝ እንጂ! ውሃው ሊነግርህ ሲል አንተ ትሄዳለህ።» ትንፋሼን ያዝኩ። ያኔ ከታች፣ ከሩቅ፣ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። «አገኘሁት፣ ኦቦ!» ብዬ ጮህኩ። «ጩኸቱን ተወውና ቆፍር» አሉኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ የሆንኩት። ሙያውን ለምታውቁት አዲስ ነገር አልነግራችሁም፤ ለማያውቀው ግን ይህን ልበል። የሚያፈስ ቧንቧ ውሃው ብቅ ባለበት ቦታ ላይ አይደለም የተሰበረው። ውሃ አፈሩ እየመራው ይሄዳል፤ አንዳንዴ ስድሳ ሰባ እርምጃ ርቆ ይወጣል። ስለዚህ ዓይንህን ሳይሆን ጆሮህን ታምናለህ።

ሌላው የኦቦ ቶሎሳ ሕግ ከጥገና በኋላ ነበር። ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም በሁለት ቧንቧ መካከል የሚገባውን ጎማ ታስገባለህ፤ ቡሎኖቹን ታጠብቃለህ፤ መዝጊያውን ሳራቺኔስካ ትከፍታለህ። ከዚያ ግፊቱ እስኪሞላ ድረስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ትላለህ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ጠብ የሚል ነገር ካላየህ ያኔ አፈር ትመልሳለህ። እኔ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቁጭ ብዬ የማልጨርስ ሰው ነኝ። አንቱ ኦቦ፣ ምነው ሌላ ቅጣት ብትሰጡኝ እላቸው ነበር። ይስቁና አጠገባቸው ያስቀምጡኛል።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያስቀምጠኝ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ማርታ ሞተችብን። አንድ ልጃችን ነበረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ሕመሟ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። የአርባዋ ዕለት ድንኳን ተጥሎ፣ ካህናቱ ተቀምጠው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ቡራዩ መስመር ፈንድቷል ተባልኩ» ብዬ ወጣሁ። ማንም አልደወለልኝም። ቡራዩ ሄጄ ሚኒባስ መሳፈሪያው ላይ ስንጎራደድ ዋልኩ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

አንድ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለ ጸሎተ ሃይማኖቱ ተጀመረ። መጨረሻው ላይ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን የሚለው አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ነው። የዚያን ዕለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ ተሳልሜ መሄድ ሆነ ሥራዬ። በየእሑዱ ተረኛ አድርጉኝ እያልኩ ራሴ እለምናለሁ። ጓደኞቼ ታታሪ ነው ይሉኝ ነበር።

ሰበታ አላስቀምጥ አለችኝ። በየመታጠፊያው ማርታ አለች፤ ትምህርት ቤቷ፣ ደብተር የምትገዛበት ሱቅ። ወደ ቡራዩ ቀይሩኝ አልኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ደግሞ ወደ ሱሉልታ። ባለቤቴ አስካለ ዕቃዋን እያሰረች ተከተለችኝ። ሱሉልታ ስንገባ ግን አልጋ ላይ ወጣች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። «ወገቤን ነው» ትላለች። ሐኪም አያት፣ ራጅ ተነሣች፣ ምንም አልተገኘም። እኔ ምግብ አስቀምጥላትና ወደ ሥራ እሮጣለሁ። የማርታን ስም ሁለታችንም አንጠራም።

ሱሉልታ በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ የሚያልፈውን መስመር ጠገንኩ። ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሳራቺኔስካውን ከፈትኩ። ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ስል የደብሩ ድምፅ ማጉያ ጸሎተ ሃይማኖቱን ጀመረ። ያ ቃል ሳይደርስብኝ ላምልጥ ብዬ አፈሩን እየዛቅሁ መለስኩበት፤ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁና ሄድኩ። በሃያ ሰባት ዓመት ሥራ ያለ ፍተሻ የደፈንኩት ጉድጓድ እሱ ብቻ ነው።

ወራት አለፉ። ጥር ላይ፣ ምድሩ በደረቀበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለ ወይራ ሥር ውሃ ፈለቀ ተባለ። ሕዝቡ ጠበል ነው አለ። ጀሪካን የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ በዱላ የሚሄድ፣ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። ሰምቻለሁ፤ ግን አላየሁም። የቤተ ክርስቲያን ነገር ሲነሣ እግሬ ወደ ሌላ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ጠዋት አስካለ ተነሥታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ አየኋት። ክው ነው ያልኩት። «ወዴት ነው?» አልኳት። «ጠበል» አለችኝ። ከቀትር በፊት ተመለሰች፤ ነጠላዋ ረጥቧል፣ ሽሮዋን ጠርጋ በላች። በማግስቱም ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት «በጭቃ ጫማህ ምንጣፌን አትርገጥ!» ብላ ጮኸችብኝ። የእኔ አስካለ ተመለሰች! በደስታ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ምን አገኘሽ፣ ምን ሆነሽ ነበር ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። መሬት ሥር የምሰማ ሰው ቤቴ ውስጥ ደንቆሮ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን የጥገና ኃላፊያችን ኢንጂነር ሰናይት አስጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ ቀልድ አታውቅም። «ጋሽ ዘሪሁን፣ የታችኛው ሠፈር ውሃ ካጣ ሳምንቱ ነው። ሲመጣም ጭቃ ነው። ልጆቹን እያስቀመጣቸው ነው ብሎ ጤና ጣቢያው ደውሏል። በቃ፣ ይቺን እርስዎ ካላገኙልኝ ማንም አያገኛትም።» ነገሩ ገብቶኛል። ውሃ ሲቋረጥ የተቀደደ ቧንቧ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያገኘውን እድፍ ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

ዘንጌን ይዤ መስመሩን ተከተልኩ። እየተከልኩ፣ እየሰማሁ፣ አጥሩ ጥግ ደረስኩ። ራሴ የደፈንኩት ቦታ ላይ ተከልኩት። ትንፋሼን መያዝ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ይንጫጫል። ቁልቁል ስመለከት ወይራው ታየኝ። ወረድኩ። ሴቶች ተሰልፈው ይታጠባሉ። በእፍኜ ቀድቼ ቀመስኩት፤ ክሎሪን ክሎሪን ይላል፣ የእኛው የቧንቧ ውሃ ነው። ቀና ስል አስካለ ሰልፉ ውስጥ ቆማ አየችኝ። ፊቷ በራ። «አንተም መጣህ?» አለችኝ። «መጣሁ» አልኳትና ሥራ አለብኝ ብዬ ሸሸሁ።

ለሰናይት «አላገኘሁትም» አልኳት። ሦስት ቀን እንዲያ አልኳት። እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ የለኝ። ብዘጋው አስካለ ተመልሳ ትተኛለች፤ ባልዘጋው የሰው ልጅ ይታመማል። በሦስተኛው ቀን ከጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት እናት ዐይኑ የጎደጎደ ልጅ አቅፋ ስትወጣ አየሁ። ቀጥታ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ኪሮስ ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጠረጥሬ ነበር» አሉ። «ጠበል ነው ብዬ አላወጅኩም። አይደለምም አላልኩም። ደጁ ባዶ ሆኖ ከርሞ ሕዝብ ሲሞላ ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«አባ፣ ሚስቴ ተስፋዋን ታጣለች» አልኳቸው።

«ተስፋዋን አንተ በቧንቧ ነው እንዴ ያመጣህላት?» አሉኝ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ትናገራለህ።»

«እኔ?»

«እኔማ ቡሎን አላጠብቅም።»

እሑድ ከደጅ ቆሜ አስቀደስኩና ሲያበቃ ገባሁ። ሕዝቡ ፊት ቆሜ ነገርኳቸው፤ ውሃው የቧንቧ ነው፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ሳልፈትሽ የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ታች ያሉ ልጆች እየታመሙ ነው። «አንተ ማነህና ጠበል የምትዘጋው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አባ ኪሮስ እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኙት። «ልጆቼ፣ ክርስትና የምናነሣበትስ ውሃ ከቧንቧ አይደለም እንዴ የሚቀዳው? ጸሎታችሁን እግዚአብሔር ሰምቷል። የታመመ ልጅ እያለ ግን ውሃውን አናፈስም።» ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ። ቤት ስገባ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ሰኞ ሲነጋ ለሰናይት እውነቱን ነግሬ ሁለት ቆፋሪዎች ይዤ ወጣሁ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ አልጋው ጋ ነው። ሳራቺኔስካውን ዘግተን ቆፈርን። ጓርኒሲዮኑ ተጣሞ ገብቷል፤ አንደኛው ቡሎን በጣት ይዞራል። አንድ ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር። አዲስ ገጠምኩ፣ አጠበቅሁ፣ ከፈትኩ። ቆፋሪዎቹን ቁርስ ብሉ ብዬ ሸኘኋቸው። አካፋውን አንሥቼ አፈሩን ልመልስ ስል ከኋላዬ «ቁጭ በል» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አስካለ ናት። ነጠላዋን ለብሳ መጥታለች። የተቆለለው አፈር ላይ ተቀመጠች። «አንድ ሰዓት አይደል ኦቦ ቶሎሳ የሚሉት? ቁጭ በላ!»

ተቀመጥኩ። «ተስፋሽን ዘጋሁብሽ» አልኳት።

«ምኑን ዘጋኸው? ክሎሪኑ እኮ የመጀመሪያ ቀን ነው የሸተተኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ነኝ እኮ!»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ትሄጂ ነበር?»

«ሴቶቹ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ልጄ ሞታ ነው አልኳቸው። ማን ትባላለች አሉኝ። ማርታ አልኳቸው። ከዚያ በየጠዋቱ ስሟን እየጠሩ አብረውኝ ጸለዩ። በትንሣኤ ታገኚያታለሽ ሲሉኝ እንደው ለእኔ ሳይሆን ለአንተ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ትናንት የተኛሁት ስለ ውሃው አይደለም፤ ተናድጄብህ ነው። ለሕዝብ ሁሉ ስትናገር ለእኔ አስቀድመህ አልነገርከኝም። ቤታችን ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም፣ ዘሪሁን። አንተ ሁልጊዜ ትሄዳለህ።»

ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ «ማርታ» አልኩ። ሁለተኛ ለማለት አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። የአርባዋን ዕለት የት እንደ ነበርኩ ነገርኳት፤ «ዐውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ልጃችን አወራን። ሻይ ላይ ስኳር ስትጨምር አምስት ማንኪያ እንደ ነበር፣ ዘንጌን ሰርቃ የጎረቤቱን ዶሮ ስታዳምጥ እንደ ያዝኳት። ሳቅን እንኳ። ወደ ጉድጓዱ ሳይ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ቧንቧው ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ተረኛ አድርጉኝ አላልኩም። ከአስካለ ጋር ገብቼ ቆምኩ። ጸሎተ ሃይማኖቱ መጨረሻው ጋ ሲደርስ እግሬ ሊሸሽ ፈልጎ ነበር። ቆምኩ። የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እንደማደርግ በገዛ አፌ ተናገርኩ፤ ድምፄ ተቆራረጠ፣ ግን ጨረስኩት። የታችኛው ሠፈር ልጆችም ድነዋል። ወይራው ሥር አሁን ደረቅ ነው፤ ሴቶቹ ግን መገናኘታቸውን አልተዉም፤ አስካለም ትሄዳለች።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዘንጌን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቤያለሁ። አሁንም ቁጭ ማለት ይከብደኛል፤ ይህችን እንኳ የጻፍኩት እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው። ለእናንተ በሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ በሉ። አፈር ለመመለስ አትቸኩሉ።