አማካሪዬ ግምጃ ቤት ገበያ ላይ ሳሙና ነጋዴ ሆኑ

ዛሬ አገውኛ በሚነገርባት በግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ አማካሪዬ ሳሙና ነጋዴ ሆነው ዋሉ። ፈጣሪ ሲፈርድ እንዲህ ነው።

ለማታውቁ፦ የምማረው የጤና ትምህርትና የጤና ባህርይ ነው። ባለፈው የመስክ ልምምድ እናቶችን ስለ እጅ መታጠብ በአገውኛ ባስተምር፣ አማካሪዬ መምህር «ይህ የሳይንስ መድረክ ነው፤ በአማርኛ ብቻ!» ብለው ጣሉኝ።

ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳዩን ራሳቸው ሳሙና ይዘው ቆሙ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ከኋላ ሆነው ያያሉ። መምህር ለገበያው እናቶች በአማርኛ «የባህርይ ለውጥ» እያሉ ተናገሩ፣ ተናገሩ። በመጨረሻ አንዲት እናት በአገውኛ የሆነ ነገር አሉ።

«አያችሁ? ገብቷቸዋል!» አሉ መምህር። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ምን አሉ?»

«በአማርኛ ብቻ ብለውኝ የለ እንዴ፣ መምህር?»

«ኧረ ባክሽ፣ ኃላፊው እያዩኝ ነው!»

እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ፦ «‹ይህ ነጋዴ የሳሙናውን ዋጋ ሳይነግረን እስከ መቼ ይለፈልፋል?› ነው የሚሉት።»

ኃላፊው ሳቃቸውን ሳል አስመስለው ጨረሱና፣ ልምምዴን እዚያው በአገውኛ እንድደግም ፈቀዱ። አለፍኩ።

ሳሙናውን የያዙልኝ መምህር ናቸው።

እናንተስ፣ የጣላችሁን ሰው ሳሙና ያስያዛችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ እስቲ፤ ቂም ለብቻ ሲበሉት አይጣፍጥም።