የጋዲሴ ሰላምታና እትዬ የሺ

ጠዋት የክፍል ጓደኞቻችን ግሩፕ ላይ ነው ያየሁት። ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ጽሑፉ እዚያው አለ። እትዬ የሺ አርፈዋል ይላል።

አልዋጥልህ አለኝ። አሁንም እየጻፍኩ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ ናዝሬት አምስተኛ ክፍል ያስተማሩን ናቸው። የመንዝ ሰው። ክፍላችን ውስጥ ከየቦታው የመጣ ልጅ ነበር። እኔ ከወሎ የመጣ የሙስሊም ሹፌር ልጅ፣ አጠገቤ ተሾመ፣ የቄስ ልጅ፣ ከፊታችን ጋዲሴ፣ ከቆቃ መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር።

እትዬ የሺ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ተራው የደረሰ ልጅ ተነስቶ በቤቱ ደንብ ክፍሉን ሰላም ይላል። እኛም በዚያው ደንብ እንመልሳለን።

የጋዲሴ ሰላምታ ረጅም ነበር። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብላ ትጀምርና ሰዉን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ለእያንዳንዱ «ነጋ» እንላለን፤ ሰላም ነው እንደማለት።

«አህዮቹስ? አህዮቹን ዘለልሻቸው እኮ!» አለ ተሾመ አንድ ቀን።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጋዲሴ ልትቀመጥ ስትል እትዬ የሺ፣

«ቁሚ የኔ ልጅ። አንተ ተሾመ፣ አክስትህን ስትስማት ጉንጭ ለጉንጭ ትመላለስ የለ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መሃል ላይ ማን ይስቅብሃል? ሰላምታ አይቆረጥም።»

ይህችን ቃላቸውን ይዘን ነው ያደግነው።

ከዚያ ያ ጠዋት። ተራው የጋዲሴ ነው። በሩ ላይ የቀበሌው ካድሬ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየንም።

«ጓድ መምህርት፣ መፈክር አይቀድምም እንዴ? ይሄ ጠባብነት ነው።»

«ልጅቷ ትጨርስ፣ ጓድ።»

ጨረሰች። ድምፅዋ ግን እየቀጠነ ሄደ። «ነጋ» ስንል የእኛም ድምፅ አልወጣም። ሰውየው ፈገግ ብሎ ሄደ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ በህልሜ ይመጣል።

በማግስቱ እትዬ የሺ አልመጡም። ወሰዷቸው ተባለ። ማንም ጮክ ብሎ አላወራም።

ጋዲሴም ቀረች። «በኔ ሰላምታ ነው የታሰሩት» አለች። አክስቷ ወደ ቆቃ ልትመልሳት ልብሷን ሸከፈች።

እትዬ የሺ ተፈቱ። ከስተው። በተፈቱበት ቀን ጋዲሴ ቤት መጡ። ጎረቤት ነበርን፤ ከአጥራችን ሥር ሆኜ አየሁ።

ደጃፉ ላይ ቆመው፣ በዚያ በመንዝ አፋቸው፣ «አካም ቡልተን» አሉ። ከሰዓት በኋላ ነበር። የሚያውቁት ክፍል ውስጥ የሰሙትን የጠዋቱን ሰላምታ ብቻ ነው። ሰዉን ጠየቁ። ላም በሌለበት ግቢ ከብቱን ጠየቁ። በበጋ፣ ዝናቡን ጠየቁ። አክስትየዋ እንባዋ እየወረደ «ነጋ፣ ነጋ» ትላለች። ጋዲሴ ከበሩ ኋላ ብቅ አለች።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። በየጥያቄው መሃል ዞር ብለው መንገዱን ያያሉ። ፈርተው ነበር። እየፈሩ፣ አንዱንም ሳይዘሉ ጨረሱ።

በማግስቱ ጋዲሴ ትምህርት ቤት መጣች። ዛሬ ዓለም ጤና ከተማ አስተማሪ ናት። መርዶውን ግሩፑ ላይ የጻፈችውም እሷ ናት።

እትዬ የሺ፣ እዚያ እስር ቤት ምን እንዳደረጉብዎ አልነገሩንም። እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ነገ ሁላችንም እንመጣለን። መንገዱን እኛ እናይልዎታለን። እርስዎ ቀስ ብለው ይሂዱ።