ያላጨበጨቡት ሽማግሌ

ለኢሚግሬሽን ቀጠሮዬ ሄጄ ስወጣ ነው የያዙኝ። ከዳላስ ወጣ ብሎ ወዳለ እስር ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሁለት ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ከራስጌያቸው ክዳን የሌለው መጸዳጃ። ታችኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"ስትታሰር የመጀመሪያህ ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ አገሬም በፖለቲካ ታስሬ ነበር።"

"እንግዲያው ብርድ ልብስ አስተጣጠፍ አላስተምርህም።"

ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ በልቤ ግን አንቱ እላቸው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በእስር ቤቱ የጋራ አዳራሽ ቴሌቪዥን የአገራቸው የቀድሞ ገዢ ቀብር መታየት ጀመረ። በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ በጠመንጃ የገዛ ጄኔራል ነው። ባንዲራ የለበሰ ሣጥን፣ መድፍ፣ የሚያለቅሱ ሚኒስትሮች። የሽማግሌው አገር ልጆች የሆኑ አራት ወጣት እስረኞች ተነሥተው አጨበጨቡ። እሱ ሲገዛ አንዳቸውም አልተወለዱም ነበር።

"አባባ፣ ይነሡ እንጂ!" አለ አንደኛው። "መንገድ የሠራልን፣ ሌባ ያጠፋልን እሱ ነው።"

"አንድ ጊዜ አጨብጭቤለታለሁ፤ ይበቃዋል" አሉ። "ጽሑፍ በትነሃል ብሎ ልጄን ስታዲየም ውስጥ አስረሸነው። እኔንና እናቱን ከፊት አስቀመጡን። ተኩሱ ሲያበቃ 'አጨብጭቡ' አሉን። አጨበጨብን። ቤት ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩን።"

ወጣቱ ሳቀ። "ሌባ ቢሆን ነዋ!"

ሽማግሌው አልተነሡም፤ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። ወጣቱ ወንበሩን ከሥራቸው ሳበው። ሲሚንቶው ላይ ሲወድቁ የዳሌያቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁት።

ጠባቂው መጣ። "ማነው የጀመረው?"

አራቱም ወደ ሽማግሌው ጠቆሙ። ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ምን አየህ?"

የጥገኝነት ጉዳዬ ሊሰማ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስሜ ሪፖርት ውስጥ ከገባ ምን እንደሚመጣ ጠበቃዬ ነግራኛለች።

"እሳቸው ቁጭ ብለው ነበር" አልኩ። "እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"

"እንግዲያው አንተም ጠቡ ውስጥ ነበርክ" አለና ሁለታችንንም ሪፖርቱ ላይ ጻፈን። ዘጠኝ ቀን ብቻዬን ተቆለፈብኝ። ችሎቴ አምስት ወር ተገፋ። እሳቸውን በደንብ ሳይታከሙ ወደ አገራቸው መለሷቸው።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደወሉልኝ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ኤርፖርቱን በጄኔራሉ ስም ሰይመውታል። እኔን በዊልቸር አስገቡኝ።" ከዚያ በኋላ ስልካቸው አልሠራም።

አሁን ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ ታክሲ እነዳለሁ። አንዳንዴ ከዳላስ ወጣ ብላ ወዳለችው ሌዊስቪል የምወስዳቸው ያገሬ ሰዎች ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "ማለቴ፣ ለኛ የሚያስፈልገን አንድ ቆፍጣና ወታደር ነው" ይላሉ። ድሮ እከራከር ነበር። ዛሬ ስንት ልጅ እንዳላቸው ብቻ እጠይቃለሁ።