ዝም ያለችው ሙሽራ

የእህቴ ልጅ መነጽር ሠሪ ናት። ሌንስ ስትሞርድ ምላሷም አብሮ ይሞርዳል፤ ከሱቋ ሳይከራከር የወጣ ደንበኛ አላውቅም። ቤተ ዘመዱ «ጠበቃ» ይላታል።

ሱቁን የምትጋራት ጓደኛዋ «ትዳር ወጥመድ፣ እናትነት ደሞዝ የሌለው ሥራ» ባይ ናት። እህቴ ደግሞ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል፦ «ጀነት ከእናት እግር ሥር ናት! ሴት ከወለደች ቤቷ ትቀመጥ፤ አለቀ!»

ጠበቃ ሁለቱንም አትምርም። ጓደኛዋን «ኒካሕ እኮ ውል ነው። ወጥመድ የሚሆነው ዝም ብለሽ ስትገቢበት ነው። ቁርአን የተፈታች እናት ስታጠባ ዋጋዋን ስጧት ይላል፤ ድካሟን አይቶላታል» ትላታለች። እናቷን ደግሞ፦ «እማዬ፣ ጀነት ከእግሯ ሥር ናት ተባለ እንጂ እግሯ ይታሰር ተባለ እንዴ?» እህቴ ኩርፊያዋን ይዛ ጓዳ ትገባለች።

ይህችው ልጅ የአውቶቡስ ሾፌር ወደደች። በኒካሑ ላይ አንድ ሸርጥ፣ ማለትም የውል ቅድመ ሁኔታ፣ እንዲነበብ ተስማሙ፦ ልጅ ሲወለድ እሱ ጠዋት ይነዳል፣ ከሰዓት ልጁን ይይዛል፤ እሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

«አክስቴ፣ ልጅ በጣም እፈልጋለሁ» አለችኝ፤ እንባዋ መጣ። «ሥራዬንም እፈልጋለሁ። አንዱን ምረጪ እንዳይሉኝ ነው የምፈራው።»

ሸርጡን የሚያነበው አባቷ ነበር። የኒካሑ ዕለት ግን ሳሎኑ በእንግዳ ሲሞላ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዋጠው። ሼኹ ከአባቷ ጋር ወደ ሙሽራዋ ክፍል በር መጥተው «ልጄ፣ ፈቅደሻል?» አሏት።

አባቷን አየችው። አቀረቀረ። ብትናገር በሰው ፊት ልታዋርደው ነው፤ ዝም አለች።

«የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው!» አለ አባቷ ቸኩሎ።

«ቆይ፣ ሼኽ!» አለ ሾፌሩ ከሳሎን። «እሷ ዝም ካለች እምቢ ማለቷ ነው። ሸርጣችን አልተነበበም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼኹም ሳቁ። «ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው አፍራ ዝም ላለች ነው። ይቺማ መነጽሬን የሠራችልኝ ናት፤ አውቃታለሁ! በል አባት፣ አንብብ።»

አባቷ እየተንተባተበ አነበበ። ሼኹ ደግመው ጠየቋት።

«ፈቅጃለሁ!» አለች፤ ድምፅዋ መንገድ ድረስ ተሰማ።

እህቴ ክንዴን ጨብጣ ታለቅስ ነበር።

«እኔም ያኔ በራሴ ኒካሕ ዝም ብዬ ነበር» አለችኝ በጆሮዬ። «ቆይ ጠይቋት ያለ ግን አልነበረም።»

ከዚያ እንባዋን ጠረገችና እልልታውን አቀለጠችው።