ዳማከሴ እና ለውዝ

ገርጂ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ወጥ ቤት የዳማከሴ ሽታ መጣ። እናቴ ናት። ልጄ ትናንት ለውዝ በልታ ከንፈሯ ስላበጠ፣ ልትቀባት ቅጠሉን በመዳፏ እያሸች ነው። "ምች ነው፤ ምን ስፔሻሊስት ያስፈልገዋል?" ትላለች። ክሊኒኩ ለአለርጂ ሐኪም የጻፈልን ሪፈር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማንን እንደምሰማ ግራ ገብቶኛል።

ሽታው ግን ስድስት ዓመቴ ላይ ወሰደኝ። አባቴ ከመገናኛ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ለውዝ ይዞልኝ መጣ። ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ በላሁት። ብዙም ሳልቆይ ምላሴን በላኝ፤ ዓይኔ አብጦ ተከደነ። እናቴ ዳማከሴ ፊቴን እየቀባች ለጎረቤቶቻችን "ፀሐይ ላይ በልታ ምች መታት" አለቻቸው። እነሱ ከወጡ በኋላ ግን አባቴን በሹክሹክታ "ሁለተኛ ለውዝ እዚህ ቤት እንዳታስገባ" ስትለው ሰማኋት። ፀሐይ ከሆነ የመታኝ ለውዙ ምን አደረገ? አልገባኝም። ያጠፋሁት ነገር ያለ መስሎኝ አለቀስኩ።

አሁን ወጥ ቤት ገባሁና "እማዬ፣ ያኔ ምች ከነበረ ለውዙን ለምን ከለከልሽኝ?" አልኳት።

እጇ ቆመ። ቅጠሉን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

"እኔንጃ ልጄ" አለች። "ፈርቼ ነዋ።"

ከዚያ እጇን ታጠበችና ሪፈሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። የተረፈውንም ዳማከሴ በፌስታል ቋጥራ፣ ከጎኑ።